ቆርቆሮ ባንድና የጠፉት ሁለት ፊቶች

ዱባይ፣ ጥር 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለካሚላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ሱቅሽን በደንበኛ፣ አንቺን በወሬ ሞልቶ ያቆይልኝ፤ አንዱ ከጎደለብሽ እንደምትታመሚ አውቃለሁ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ደርሻለሁ።

ሆቴሉ ቀይ ሰደርያ አልብሶኛል። ብታዪኝ የሠርግ አሳላፊ ነው የምመስለው። ከፊሊፒንስ ልጆች ጋር ሆኜ የሰው ዘፈን እጫወታለሁ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም፣ ሁሉም ይበላል። ውሉ የስድስት ወር ስለሆነ ጥርሴን ነክሼ እጨርሰዋለሁ። አባቴ ከነጋዴው ከዘይኑዲን ጋር ዕቃ ልገዛ የመጣሁ ነው የመሰለው፤ እናቴ ግን ታውቃለች። አንቺም እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሐጂ ባህረዲን ልጁ ጊታር መቺ መሆኑን የሰማ ቀን፣ መጋዘኑ ውስጥ ካለው መጋረጃ ላይ ቀዶ ከፈን ነው የሚያሰፋልኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካሴቱ እንዴት ሆነ? እኔ ስሄድ ቀረጻው አልቆ ሽፋኑ ብቻ ነበር የቀረው። አንቺ ካሴት ሻጭ ነሽ፣ ደንቡን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በእኛ አገር ሽፋኑ ላይ ፊቱ የሚወጣው የዘፋኙ ብቻ ነው። ጊታር መቺውና ድራም መቺው ቦታ ከተረፈ ከጀርባ በጉንዳን ፊደል ይጻፋሉ። እኛ ግን ተማምለናል። እኔ፣ ወንድምሽ ፉርቃንና ምንይሉ አባቴ መጋዘን ውስጥ የቆርቆሮውን ግድግዳ በእጃችን ነክተን «ሦስት ፊት ከሌለ ካሴትም የለም» ብለናል። ምንይሉ ስለዘፈነ ብቻ ምንይሉ አይባልም፤ ቆርቆሮ ባንድ ነው የሚባለው። ፎቶውንም ተክለ ሃይማኖት ሄደን ተነስተናል። ማን መሀል ይቁም ብለን ተጣልተን በመጨረሻ ፉርቃንን አቆምነው፤ አጭር ስለሆነ።

ለፉርቃን የድራም ስቲክ ልኬለታለሁ። ካሴቱ እንደወጣ በመጀመሪያው ሰው ላኪልኝ። እናቴን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሙናዊር


መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የካቲት 16 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙናዊር፣ ለባለ ቀይ ሰደርያው፣

ወአለይኩም ሰላም። ጾምህን አላህ ይቀበልልህ፤ ሆቴሉ ውስጥ በፊትህ የሚያልፈውንም ምግብ አይተህ እንዳላየህ ያድርግህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ካሴቱ ወጣ! ሙዚቃ ቤቱ «ሁዳዴ ሳይገባ ካላወጣሁት እስከ ፋሲካ ማን ይገዛኛል» ብሎ በሠርጉ ወር ጥድፍድፍ አድርጎ አወጣው። ከክርስቲያኑ ጾም ሲሸሽ የእኛው ጾም መሀል ዘሎ ገባ። መርካቶ ለሁሉም የሚመች ቀን መቼ ኖሯት ያውቃል?

ምን ልበልህ፣ ሙና! «ሰባተኛ ጠብቂኝ» ያልያዘው ታክሲ የለም። ወያላው የሰባተኛ ሰፈርን መንገድ ይጥራ ይዝፈን አይታወቅም፤ «ሰባተኛ! ሰባተኛ! ጠብቂኝ!» ይላል፣ ተሳፋሪው ተቀብሎ ይጨርስለታል፦

ሰባተኛ ጠብቂኝ፣ ከታክሲው ስወርድ፣
ብዘገይም ቆዪልኝ፣ ልብሽ አይፍረድ።

ግጥሙ እያለቀሰ ዜማው የሚዘል ዘፈን ከየት አመጣችሁት? ሰዉ እያዘነ ይጨፍራል። ያኔ ጎረቤቱ «እነዚህ ቆርቆሮ ደብዳቢዎች» ብሎ ሲሰድባችሁ ስድቡን አንስታችሁ ስም ስታደርጉት ስቄባችሁ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጣሪያው ጩኸት ጋር ትጣሉ የነበራችሁት ልጆች! አሁን ኪቦርድ ብቻ የለመደ ጆሮ ሁሉ «ይሄ ጊታር የማን ነው?» ይለኛል። «የአክስቴ ልጅ ነው» እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ።

ፉርቃን በስቲኩ ተደስቷል፤ ድስቴን ሁሉ ደብድቦ ጨረሰው። «ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ» ይላል። «ፉጨቱን ቅረጸውና ለሁለተኛው ካሴት ይሆናል» አልኩት።

ካሴቱን ላልከው፣ ያው አልቆብኛል። ዘይኑዲንም ሳልነግረው አመለጠኝ። ቆይ፣ አመቺ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ምን ያስቸኩልሃል፣ ዘፈኑን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

እናትህ ደህና ናት፤ ትንሽ ዝም ብላለች፤ ጾሙ ይሆናል።

ካሚላ


ዱባይ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1987 ዓ.ም.

ካሚላ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለቤተሰቡ ጤና እመኛለሁ።

ዘይኑዲን ካሴቱን ሻንጣው ውስጥ ይዞት መጣ። ለኔ ብሎ እንዳይመስልሽ፣ ለራሱ ገዝቶት ነው። «እንካ፣ የጓደኛህን ካሴት» አለኝ። የጓደኛህን! ገልብጬ አየሁት። አንድ ፊት። ምንይሉ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አገጩን በእጁ ይዞ። «ምንይሉ፦ ሰባተኛ ጠብቂኝ» ይላል። ሌላ ሰው የለም። ፉርቃን የለም። እኔ የለሁም። ቆርቆሮ የሚል ቃል እንኳ የለም።

«አልቆብኛል» ያልሽኝ አሁን ገባኝ። አልቆጣሽም፤ አንቺ ምን ታደርጊ።

ከሆቴሉ ጋር ውሌን አራዝሜአለሁ። አልመጣም። ጊታሬን ሽጪው። የዚያን ሰው ስም ከእንግዲህ በደብዳቤሽ ላይ አትጻፊልኝ። ቆርቆሮውን በእጁ ነክቶ የማለ ሰው ነው። እኔ ባሕር ማዶ መሆኔን ጠብቆ ፊቴን ቆርጦ ጣለው።

እናቴን አደራ። ዱአዋ አይለየኝ።

ሙናዊር


መርካቶ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙናዊር፣

የሰማይ ደጅ ለዱአችን ይከፈትልን። እንዴት ነህ? ሙቀቱስ?

ጊታርህን አልሸጥኩም። ልትቆጣ ትችላለህ፤ እዚያ ሆነህ ማን ይሰማሃል። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ስሙን አትጥሪ ያልከኝን ሰውዬ «ያ ልጅ» እለዋለሁ፤ ያ ልጅ ሱቄ መጥቶ ነበር። ደንበኛ እያለ፣ ሴቱ ሁሉ «ምንዬ! ምንዬ!» እያለ እየተጋፋ፣ እሱ ጥግ ቆሞ መሬት ያያል። (ይኸው ስሙን ጠራሁት፤ ሴቶቹ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።) ሰዉ ሲወጣ ያዝኩት። «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካሚላ።»

«እሱን እኮ ፎቶው ነግሮኛል። ለምን ነው የምልህ?»

«የኔ ነው አልኩሽ» ብሎ ሄደ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሌባ እንኳ ሲያዝ አንድ ሰበብ ይደረድራል!

ፉርቃን ደግሞ ሄዶ አነቀው። ያ ልጅ እጁን እንኳ አላነሳም። «ብመታው ይሻለኝ ነበር፣ ዝም አለኝ» ብሎ ወንድሜ እያለቀሰ መጣ። እንግዲህ ባንድ የሚባል የለም። ያ ልጅ በኪቦርድ ሌላ ካሴት ሊሠራ ነው ይባላል። ፉርቃን ምናለሽ ተራ ገብቷል፤ በርሜል እየቀደደ ቆርቆሮ ያቃናል። «ከቆርቆሮ ባንድ አልወጣሁም» እያለ ይቀልዳል። ጆሮው ግን ያ ፉጨት አልተወውም።

እናትህ፣ አክስቴ መሊካ፣ ያንተ ስም ሲነሳ ብድግ ብላ ጓዳ ትገባለች። ናፍቆት ነው እላለሁ። ጻፍላት፣ ባክህ።

ካሚላ


ዱባይ፣ የካቲት 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለካሚላና ለቤተሰቡ፣

እንኳን ለዐረፋ በዓል አደረሳችሁ። ለእናቴ ሻሽ፣ ለአባቴ ሽቶ፣ ላንቺ ልጆች ጫማ ልኬአለሁ። ሆቴሉን ትቼ ዴይራ ካርጎ ቤት ከገባሁ ቆየሁ። የመርካቶን ዕቃ ሁሉ እኔ ነኝ የማስጭነው። ከመጋዘን ሸሽቼ መጋዘን ገባሁ። ደህና ነኝ።

እናቴን መጥታ እንድታየኝ ጠይቂልኝ። ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ።

ሙናዊር


መርካቶ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለሙናዊር፣

ዕቃው ደርሷል፤ አላህ ዕድሜህን እንደ ቸርነትህ ያብዛው። ሐጂ ሽቶውን ተቀብተው መስጊድ ሲገቡ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

እናትህን ጠየቅኳት። «አውሮፕላን እፈራለሁ» ትላለች። ለሐጅ የሄደችው በእግሯ ይመስል! ምን እንደምላት አላውቅም፣ ሙና። ልታይህ ትሞታለች፣ ልታይህም ትፈራለች።

ያ ልጅ ያወጣው ካሴት ሁሉ አልተሸጠም። ሰዉ አሁንም የሚፈልገው ያችኑ «ሰባተኛ ጠብቂኝ»ን ነው። በየሠርጉ እሷን ዘፍኖ ይበላል። ስለሱ አልጠየቅከኝም፤ ነገርኩህ።

ካሚላ


ዱባይ፣ መስከረም 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለካሚላ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ ከአገር ቤት ዘፋኝ መጣ። ማን እንደሆነ ገምቺ። ጊታር መቺያቸው ታመመና ዘይኑዲን እየጎተተ ወሰደኝ፤ «ለሀበሻው ብለህ» አለኝ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ነው ያየሁት። ወፍሯል። አየኝና ማይኩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

ተጫወትን። ድራም መቺ የለም፣ ድራሙ ከኪቦርድ ነው የሚወጣው። «ሰባተኛ ጠብቂኝ» አዝማቹ ጋ ሲደርስ እኔ ሳልፈቅድለት አፌ ተከፈተ፤ የድሮ ቦታዬን ይዤ ከሥሩ ተቀበልኩት። ሕዝቡ አበደ። እኔ ግን መሀላችን ባዶ ሆኖ ነው የታየኝ። ፉርቃን የሚቆምበት ቦታ።

ስንወርድ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሙና፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ።

«ስለ ፊት ከሆነ፣ የራስህ ይበቃሃል።»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ መሊካ ደህና ናቸው?» እናቴን! «አንተ ለእናቴ ምኗ ነህ?» ብዬው ሄድኩ። ክፍያዬንም አልተቀበልኩም።

ይኸው ነው። እንደገና አንድ ሆኑ ቢሉሽ አትመኚ።

ሙናዊር


መርካቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙናዊር፣

አላህ ልብህን ያለስልስልኝ። የምልህን ሁሉ በስልክ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን የምንይሉን ስም ስጠራ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ አይዘጋም። ይኸው ጻፍኩት፤ ምንይሉ፣ ምንይሉ፣ ምንይሉ።

ስለ ፉርቃን ነው። ቀኝ ጆሮው ጨርሶ ሄዷል። ግራው በርሜል ሲወድቅ ይሰማል፣ ሰው ሲያወራ አይሰማም። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም መንገድ ላይ ነው» አለን። ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት አላህ ያውቃል።

ወንድሜ እንደ ሕፃን የሚለምን ሰው አይደለም። ከሐኪሙ ስንወጣ ግን፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሞ፣ ድምፁ እንደጮኸ ስለማያውቅ አገሩን ሁሉ ያሰማል፤ «ካሚላ፣ ሳይዘጋ አንዴ ሦስታችን እንጫወት። አንዴ ብቻ። ንገሪው» አለኝ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየን። የባልና ሚስት ጠብ መስሏቸው «አይዞሽ እናቴ፣ ይመለሳል» ያሉኝም አሉ።

ነገርኩህ። ስትፈልግ ተቆጣ።

ካሚላ


ዱባይ፣ ጥር 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

ካሚላ፣

ሰላም ብያለሁ። ለፉርቃን ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ልኬአለሁ፤ ጀርመን ሠራሽ ነው፣ ከነባትሪው። አጠቃቀሙን ዘይኑዲን ያሳየዋል። ሌላም የሚያስፈልገው ነገር ካለ ጻፊልኝ፣ ማንኛውንም ነገር።

ከዚያ ሰው ጋር ግን አንድ ጣሪያ ሥር አልቆምም። ፉርቃንን እወደዋለሁ። ይህን አትጠይቁኝ።

ሙናዊር


መርካቶ፣ ግንቦት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙናዊር፣

መጀመሪያ ቁጭ በል። ቁጭ ካልክ በኋላ ቢስሚላህ በልና አንብብ።

ፉርቃን መሣሪያህን ጆሮው ላይ ሰክቶ ዓመት ሙሉ ሞከረ፤ አሁን እሱም አያግዘውም። ባለፈው ወር ተነስቶ ሽማግሌ ሰበሰበ። «እርቅ እፈልጋለሁ፣ እኔ ነኝ ከሳሽ» አለ። አባትህ ቤት፣ ሰባተኛ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ባንተ ቦታ ሐጂ ተቀመጡልህ፤ የልጆች ጠብ ነው ብለናቸዋል። እኔና እናትህ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ወሬ አያምልጠኝ ብዬ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌአለሁ፤ አልዋሽህም።

ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ያልተነገረ ጥፋት አይታረቅም። ሽማግሌው «ምንይሉ፣ ምን አጠፋህ?» አሉት። «ጥፋተኛ ነኝ» አለ። «እሱን ሰማን፤ ምን ብለህ፣ ለምን ብለህ?» «ጥፋተኛ ነኝ፤ ካስም ካላችሁኝ እክሳለሁ፣ ድንጋይ ተሸከምም ካላችሁኝ እሸከማለሁ።» ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ እኛ እኮ ድንጋይ አንሸጥም!» አሉት። አንዱ ሊነሱ ጫማቸውን ፈለጉ፤ እርቁ ሊፈርስ ነው። ፉርቃን ምንም አይሰማም፤ ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየ እንደ ኳስ ተመልካች አንገቱን ያዞራል።

ዞር ስል አክስቴ አጠገቤ የለችም። መጋረጃውን ገፍታ መሀላቸው ገብታለች።

«ተዉት ይሄን ልጅ» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሙና፣ ቁጭ ብለሃል?

ካሴቱ ሊወጣ ሲል ረመዳን ገባ። ሙዚቃ ቤቱ የሽፋኑን ፎቶ አሳድጎ መስጊዱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ መሆኑን እናትህ ሰማች። ሐጂ ከተራዊሕ ሶላት ሲወጡ የሁለታችሁን ፊት ሊያዩ ነው። ተክለ ሃይማኖት፣ ምንይሉ ቤት ድረስ ሄዳ ለመነችው። «ልጄ፣ ጡቴን ባላጠባህም አብልቼ አሳድጌሃለሁ፤ በዚህ ወር የልጆቼን ፊት አታውጣብኝ። ለማንም አትንገር፣ ለነሱም ጭምር» ብላ አስማለችው። ምን ይበል? ከሷ ቤት ያልበላበት ዒድ የለም። «ከዒድ በኋላ ሦስታችንንም እናወጣለን» ብሎ የራሱን ፊት ብቻ ሰጠ። ኮፒ የሚያደርጉት ግን በሳምንቱ ያንኑ አንድ ፊት አባዝተው መርካቶን ሞሉት። ሙዚቃ ቤቱም «ሌላ ሽፋን ለምኔ» አለ። ምንይሉ እንዳይናገር ማለ፤ ቢናገር ደግሞ አንተንና እናትህን ሊያጣላ ነው። ዝም አለ። እስካሁን።

ሁሉም ሐጂን ያያል። እኔ «ዛሬ ቤቱ ፈረሰ» ብያለሁ። ሐጂ ባህረዲን መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ሴትዮ» አሏት። «መጋዘኔ ውስጥ ስንት ዓመት ሲደበድቡ እኔ ያልሰማሁ መስሎሽ ነው? እዚያ የነበረው አይጥ እንኳ ጩኸቱን ሸሽቶ ጎረቤት ገብቷል! ልጁ አፍሮ ሲደብቀኝ ለምን አሳፍረዋለሁ ብዬ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እናትህ ግን አልሳቀችም። ምንይሉ ጉልበቷ ላይ ወደቀ፤ እሷ እሱን ይቅርታ ትለዋለች፣ እሱ እሷን። ፉርቃን እጄን ይዞ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። አነበበ፤ ደገመ። ከዚያ ከኔ ላይ እስክሪብቶውን ነጠቀና ከሥሩ ጻፈ፦ «ሙና ይምጣ።»

ለሚሌኒየሙ ዋዜማ ሦስታችሁ መጋዘኑ ውስጥ እንድትጫወቱ አስበናል። ረመዳን መስከረም ሲጠባ ወዲያው ስለሚገባ ከዚያ በፊት መሆን አለበት።

ካሚላ


ዱባይ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለካሚላ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ደጋግሜ ጽፌ ቀደድኩት።

እናቴን ስልክ ላይ አገኘኋት። «ሄሎ» አለች፣ «ሄሎ» አልኩ፣ ካርዱ አለቀ። ካርድ መሙላት የማልችል እንዳይመስልሽ።

ኮሪደሩን አስባለሁ። አፉን ከፍቶ የዘጋውን። «እትዬ መሊካ ደህና ናቸው?» ያለኝን። እኔ ምን አልኩት? በሱ ላይ ያሳደግኩት ቂም የሱ ካልሆነ የት ነው የማስቀምጠው? እናቴ ላይ አላስቀምጠውም። ሥራ ላይ ዕቃ አስጭናለሁ፣ ሳጥን ቆጥሬ ቆጥሬ እረሳለሁ።

እመጣለሁ አላልኩም። እዚያ መጥቼ በየትኛው ዓይኔ ላየው ነው? አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ፉርቃን አሁን ምን ይሰማዋል?

ሙናዊር


መርካቶ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለሙናዊር፣

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ መንገድ ያልኩት አውቄ ነው።

ምንም አይሰማውም። ያለቀው ባለፈው ሰሞን ነው። ዝናብ ሲጥል መጋዘኑ ገብቶ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ይለጥፋል። «አሁን ጣለ፤ አሁን ባሰ፤ አሁን አባራ» ይለኛል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ድራሙንም እንደዚያው ነው የሚመታው፤ በእግሩና በመዳፉ። ዘግይተሃል፣ አልደብቅህም። ጊዜው አልፏል ብለህ እንዳትቀር ግን፤ እሱ «ባልሰማም አያቸዋለሁ» ይላል።

ሌላም ወሬ አለኝ። ያ የተክለ ሃይማኖቱ ፎቶ፣ የሦስታችሁ፣ ማን ዘንድ ተገኘ መሰለህ? እናትህ ቁርኣኗ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ሥር፣ በሻሽ ተጠቅልሎ። ራሷ ማተሚያ ቤት ወስዳ አሳደገችው። ባለፈው እሑድ ገበያው ተዘግቶ ሳለ፣ አክስቴ በዚያ ጉልበቷ፣ ምንይሉ ሙጫውን ይዞላት፣ ከሶማሌ ተራ እስከ ሰባተኛ ለጥፋዋለች። መስጊዱ ፊት ለፊት ያለችው ግድግዳ ላይ በራሷ እጅ ነው የለጠፈችው። ሐጂ አይተው «ፀጉሩን ያኔም አያበጥርም ነበር» አሉ።

እንግዲህ ፊትህ ቀድሞህ መጥቷል። ያንተ ፈንታ ነው።

ካሚላ


ዱባይ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለካሚላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒዳችሁ እንዴት ዋለ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ። አላህ ያየሁትን ቤት አይበትንብኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የጠየቅሽኝን በሳቅ አልፌው መጣሁ። «መብራት ጠፍቶ፣ ድምፅ ሳይኖር፣ ሁለታችሁን ምን ያንፈራግጣችኋል? እብድ ነው የመሰላችሁት» ብለሽኛል። አንቺ በሩ ላይ ሰዉን ስትመልሺ ስለነበር ውስጡን አላየሽም። አሁን ልመልስልሽ።

መጋዘኑ ውስጥ ስገባ እናቴ የመጋረጃ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ነበር። «ፊትህን አምጣው» አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። አቧራ እንዳለበት ዕቃ በሁለት እጇ ጠራረገችው። ምንይሉ ጊታሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ይዞልኝ ቆሟል። «ክሩ ዝጓል» አለኝ። «አንተም ሸብተሃል» አልኩት። ከዚያ አንድ ላይ ክር ቀየርን። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ተወው፣ መጀመሪያ ቃኘው» አለኝ።

ፉርቃን መሀላችን ተቀምጦ ጣቶቻችንን እያየ ይመታል። አንዴም አልሳተም። «ሰባተኛ ጠብቂኝ» ሁለተኛው አዝማች ጋ ሲደርስ የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ድርግም አለ። ቀን ስለሆነ ብርሃኑ አልተለወጠም፤ በሩ ክፍት ነው። ድምፁ ብቻ ሄደ። ጊታሬ የዝንብ ድምፅ ሆነ። የምንይሉ ማይክ ሞተ። ፉርቃን ግን አንገቱን ደፍቶ መምታቱን ቀጠለ። አላወቀም።

ምንይሉን አየሁት፣ አየኝ። ከዚያ ካሴት ወዲህ ያለ ቂም ዓይን ለዓይን የተያየነው ያኔ ነው። ብናቆም ሊያውቅ ነው፤ ጆሮውን እንዳጣ በሰው ፊት ልናሳየው ነው። አላቆምንም። ምንይሉ ያለ ማይክ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ዘፈነ፣ እኔ በማይሰማ ክር ላይ ጣቴን አሯሯጥኩ፣ ሰዉ ከደጅ ተቀብሎ ጨረሰልን። ስንጨርስ ፉርቃን ስቲኩን አንስቶ ሳቀ። ደበቅነው ብለን እኔና ምንይሉ ተቃቀፍን።

ወደዚህ ልመጣ ስል ፉርቃን ሻንጣዬን ይዞ ሸኘኝ። ታክሲው ውስጥ፣ በዚያ በማይሰማው ትልቅ ድምፁ፣ ወያላው እየሰማ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሙና፣ መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ኮርድ ስተሃል።»

ደነገጥኩ። በጣቴ ጠየቅኩት፤ አውቀህ ነበር?

«ቀይዋ መብራት ስትጠፋ አየኋት» አለኝ። «ላቆም ነበር። እናንተን ሳያችሁ ግን ዝም ብላችሁ ትመታላችሁ። ያላወቃችሁ መሰለኝ። በሰው ፊት ላሳፍራችሁ አልፈለግኩም።»

ካሚላ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አንድም ቃል እንዳትዘዪ።

ወንድምሽ ሙናዊር